ሰውና ሥራ ስለሚገናኙበት መንገድ፤ በቢቸናና በሞጣ ስላለው የሠራተኛ አቀጣጠር

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደ እርሱ አንድ በሬ ያለውን ጎረቤቱን ፈልጎ መቀናጆ ይገባል። ይህን ሲያደርግ ግን ያገኘውን በሬ ሁሉ ከበሬው ጋራ አይጠምድም። ቁመቱን ያስተያያል፤ አረማመዱን ይመለከታል፤ ጠባዩንም ይጠይቃል። ፈጣኑ ከዘገምተኛው፣ ረጅሙም ከአጭሩ ጋራ ቢጠመዱ ቀንበሩ ተዛብቶ የአንዱን አንገት እንደሚልጥ፣ ትልሙም እንደሚጣመም ከአባቱ ተምሯልና። ይኸው ገበሬ ኅዳር ገብቶ ለአጨዳ ሰው ሲቀጥር ግን፣ በሬ ለማቀናጀት ካደረገው ምርመራ ሩቡን እንኳ ሳያደርግ በማለዳ ያገኘውን ሰው በቁመናው ብቻ ገምቶ ይወስዳል። ወይም ደግሞ የማውቀው ሰው ካልዋሰው በቀር ማንንም ከቤቴ አላስገባም ብሎ የደረሰ ሰብሉን በእርሻ ላይ ያቆየዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለዞን፣ ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፣ ሰፊ እርሻ ለሚያሠሩትም ሁሉ ልናስታውስ የምንፈልገው ይህንኑ ነገር ነው። ሥራ ፈላጊው ብዙ፣ ሠራተኛ ፈላጊውም ብዙ ሲሆን ሁለቱ ሳይገናኙ የሚቀሩት በሰው እጥረት ብቻ አይደለም። አሠሪው ሠራተኛውን የሚመርጥበት ልማድ ራሱ አንዱን ያቀርባል፤ ሌላውን ያርቃል። ልማዱ ከተስተካከለ በዚያው ሰውና በዚያው መሬት የተሻለ ሥራ መሥራት ይቻላል።

ጉልበት ስለሚፈለግበት ወራት

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው የምሥራቅ ጎጃምን የእህል አገር ያያል። በተለይ በእነማይ ወረዳ በቢቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ የሚቋጥር፣ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ ነገር ግን ለጤፍና ለስንዴ እጅግ የሚስማማ መሬት ነው። ጤፉ በሐምሌ ይዘራል፤ በነሐሴና በመስከረም ይታረማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ሥራው በዓመቱ ሁሉ እኩል የተከፋፈለ ሳይሆን፣ በእርምና በአጨዳ ጊዜ እንደ ጎርፍ ባንድ ጊዜ የሚመጣ ነው።

ጤፍ ደግሞ ቀጠሮ የማያከብር እህል ነው። ከደረሰ በኋላ ቢቆይ ይረግፋል፤ ነፋስ ወይም ዝናብ ቢመታው ይጋሸባል። የበጋ ዝናብ ከነዶው ወይም ከክምሩ የገባበት ነጭ ጤፍ መልኩ ይበላሽና፣ ማኛ ተብሎ በከፍተኛ ዋጋ ሊሸጥ የነበረው እህል ከተራው ጋራ ይቆጠራል። ስለዚህ አራት ቃዳ፣ ማለት አንድ ሔክታር ያህል፣ ጤፍ የዘራ ገበሬ በአጨዳ ሳምንት ሰው ቢያጣ የሚጎዳው የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም፤ የዓመት ድካሙ ነው።

ቀድሞም ዛሬም ይህን ጭንቅ የሚያቃልሉት ደቦና ወንፈል ናቸው። በደቦ ባለቤቱ ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ በወንፈል ደግሞ አንዱ ለሌላው የሠራለትን ቀን ያው ሌላው በተራው ይመልስለታል። በእነዚህ ሁለት ልማዶች ውስጥ የሰው መረጣ ችግር የለም፤ ማን ማጭድ አያያዝ እንደሚያውቅ፣ ማን ክምር መከመር እንደሚችል፣ ማንስ ከሥራው ይልቅ ከጠላው እንደሚበረታ መንደሩ ሁሉ ያውቃልና። ነገር ግን የጎረቤታሞች ሰብል ባንድ ሳምንት በደረሰ ጊዜ ደቦ ለሁሉ አይዳረስም። በዚያን ጊዜ የማያውቁትን ሰው በገንዘብ መቅጠር ግድ ይሆናል፤ የሰው መረጣ ችግርም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለ ሥራ ፈላጊዎች

የባለ ርስትነትና የጭሰኝነት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል። በአማራ ክልል ደግሞ በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደ ገና ተሸንሽኖ ነበር። በዚያ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት፣ ከዚያም ወዲህ የተወለዱት ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ድርሻ ተካፍለው ካልሆነ በቀር የራሳቸው መሬት የላቸውም። እነዚህ ወጣቶች የሚተዳደሩት ከዘመድ መሬት በእኩል በማረስ፣ በከተማ በቀን ሥራ፣ ወይም ወደ ሩቅ አገር ወርደው በመቀጠር ነው።

የጎጃም ሰው ለሥራ ሩቅ አገር መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። በቀደሙት ዘመናት ወደ ጅማና ወደ ከፋ ለቡና ለቀማ ይወርድ ነበር። ኋላም ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ መውረድ ተለመደ፤ በሐምሌና በነሐሴ ለእርም፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ለአጨዳ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ይህን ጉዞ አሰናክሎታል። ቢሆንም ሠራተኛው ቆላም ይውረድ፣ ከአገሩም ይቆይ፣ አሠሪ የሚመርጥበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው።

አሠሪዎች ሠራተኛ ስለሚመርጡባቸው ሦስት መንገዶች

መጀመሪያው በዐይን መምረጥ ነው። ሠራተኞች ማለዳ በሚቆሙበት ቦታ አሠሪው መጥቶ ትከሻው የሰፋውን፣ እጁ የሻከረውን፣ በወጣትነት ዕድሜ ያለውን ይመርጣል። ይህ መንገድ ለድንጋይ ጭነት ይበጅ ይሆናል፤ ለጤፍ አጨዳ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ጤፍ የሚያጭድ ሰው ከጉልበቱ ይልቅ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። ዘለላውን ሳያራግፍ ይቆርጣል፤ ነዶውን ሳያፈስ ያስራል፤ አፈርና ጠጠር እንዳይቀላቀል አድርጎ ያነሣል። ይህ ሁሉ በትከሻ ስፋት አይታወቅም። እንዲሁም በእርም ሥራ ላይ ሴቶች የሚያሳዩትን ትጋት ሁሉም የሚመሰክረው ሆኖ ሳለ፣ በዐይን የሚመርጥ አሠሪ ሴቶችን መጨረሻ ያስቀምጣቸዋል፤ ወይም ከወንዱ ባነሰ ዋጋ ይቀጥራቸዋል።

ሁለተኛው በዋስ መምረጥ ነው። ለከብት ጥበቃ፣ ለዓመት እርሻ፣ ለቤት አገልግሎት የሚቀጠረውን ሰው አሠሪው ተያዥ አምጣ ይለዋል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት የዚህ ልማድ ጠበቃ ነው። ልማዱ ያለ ምክንያት አልተነሣም፤ ከብቱንና ልጁን ለማያውቀው ሰው የሚተው ማንም የለምና። ነገር ግን ዋስ የሚመሰክረው ሰውዬው ዘመድ ያለው መሆኑን እንጂ ሥራ የሚያውቅ መሆኑን አይደለም። ከሞጣ ተነሥቶ ቢቸና የሄደ እንግዳ ጎበዝ ሠራተኛም ቢሆን የሚዋሰው ሰው ስለማያገኝ ወደ ኋላው ይመለሳል፤ ባለ ብዙ ዘመዱ ሰነፍ ግን ይቀጠራል። በዚህም መንገድ የወላጅ አልባው ልጅና የድኻ ልጅ፣ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ሆነው ሳሉ፣ ከደጅ ይቀራሉ።

ሦስተኛው በደላላና በካቦ አማካይነት መቅጠር ነው። ሰፊ እርሻ ያለው ሰው መቶ ሠራተኛ አንድ ባንድ ሊመርጥ አይችልም፤ ስለዚህ ካቦው ሰዎቹን ሰብስቦ ያመጣለታል። ብርቱና እውነተኛ ካቦ ያገሩን ልጆች ስለሚያውቅ፣ ለአጨዳ የሚሆነውን ለአጨዳ፣ ለመሸከም የሚሆነውን ለመሸከም ይደለድላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የካቦው ወይም የደላላው ዋጋ በሰው ቁጥር የሚከፈል ከሆነ፣ ጥቅሙ ብዙ ሰው ማምጣት እንጂ የሚስማማውን ሰው ማምጣት አይሆንም። ዋጋውን የሚከፍለው ሠራተኛው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የሚቀጠረው ሥራ የሚችለው ሳይሆን ለደላላው ቀድሞ መክፈል የሚችለው ይሆናልና።

ሁሉን ባንድ ዋጋ መክፈል ስለሚያመጣው ጉዳት

በገበያ የተቀላቀለ ቅቤ ሲበዛ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ገዢው ንጹሑን ከተቀላቀለው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ንጹሕ ቅቤ ያላት ሴትም በዚህ ዋጋ ከምሸጥ ለቤቴ ይሁን ብላ ትመለሳለች። በገበያው ላይ የሚቀረው የተቀላቀለው ብቻ ይሆናል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

በጉልበት ገበያም የሚሆነው እንደዚሁ ነው። አሠሪው ጎበዙን ከሰነፉ መለየት ካልቻለ ለሁሉ አንድ የቀን ዋጋ ይቆርጣል። ጎበዙም ሥራዬ ካልታወቀልኝ ብሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንዳንዶች ይህን ለማዳን በቀን መክፈሉን ትተው በቁርጥ፣ ማለት በታጨደው መሬት ልክ፣ ይከፍላሉ። ይህም ፈጣኑን ሠራተኛ ይስባል፤ ነገር ግን ለፍጥነት ብቻ የሚከፍል አሠሪ የሚያገኘው ፍጥነትን ብቻ ነው። ሰሊጥ የታችኛው ፍሬው ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ቆባው ሳይከፈት መቆረጥ አለበት፤ ከዘገየ ወይም ካጫጁ እጅ በኃይል ከተነቃነቀ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ የአከፋፈሉ ዓይነት ራሱ ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሚመጣ ይወስናል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ተፈትኖ ስለ ታወቀው ነገር

በ2013 ዓ.ም. (በ2021 እ.ኤ.አ.) ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ኤስቴባን ኦርቲዝ ኦስፒና የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ያደረጉትን ፈተና አሳትመዋል። ለአንድ የጽሕፈት ቤት ሥራ ሰው ሲፈለግ፣ ለማመልከት ለሚመጡት ጥቂት ገንዘብ እንደሚሰጣቸው ተነገረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መምጣቱ ብቻ ሳይሆን ችሎታቸው የበለጠ ሰዎች መምጣታቸው ታየ። ምክንያቱም ለማመልከት የሚጠይቀው ወጪ ቀላል ስላልሆነና፣ ወጪው የሚከብዳቸውም ችሎታ ያላቸው ስለ ነበሩ ነው። የሚያስደንቀው ግን፣ ሠራተኛ መቅጠር ሥራቸው የሆነ ሰዎች ይህ ጥቂት ገንዘብ ያን ያህል ጥቅም ያመጣል ብለው አለመገመታቸው ነው።

በዚያው ዓመት ግሩም አበበ ከካሪያ፣ ከፋፍሻምፕስ፣ ከፋልኮ፣ ከፍራንክሊንና ከኩዊን ጋራ ሌላ ጥናት አወጣ። በአዲስ አበባ ካሉ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ከፊሎቹ ሥራ ለመፈለግ የሚሄዱበት የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ደግሞ ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ማመልከቻ አጻጻፍና ለአሠሪ ጥያቄ አመላለስም ተማሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የመጓጓዣው ርዳታ ፍሬ አልቆየም፤ የምስክር ወረቀቱና የትምህርቱ ፍሬ ግን በገቢያቸው ላይ ታየ። ይልቁንም የተጠቀሙት፣ ቀድሞ ሥራ ለማግኘት ከሁሉ ይበልጥ ይቸገሩ የነበሩት ናቸው። ይህም የሚያስረዳው፣ እነዚህ ወጣቶች ችሎታ አጥተው ሳይሆን ችሎታቸው ለአሠሪው የማይታይ ሆኖ እንደ ነበር ነው።

የአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤትና የቢቸና የጤፍ እርሻ አንድ አይደሉም። ሆኖም ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ፣ ስንቁን ከራሱ በልቶ፣ ለምርጫ የሚቆመው ወጣት ወጪውን የሚከፍለው ከራሱ ነው። ባልተቀጠረበት ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለት ጊዜ እንዲህ የሆነበት ጎበዝ ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም።

ሠራተኛውም አሠሪውን እንዲያውቅ ስለ ማስፈለጉ

ምርመራ ለአሠሪው ብቻ የተሰጠ መብት አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በ2010 ዓ.ም. (በ2018 እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ባሉ አምስት ድርጅቶች ተቀጣሪ ሆነው ከተመዘገቡት ወጣቶች መካከል በዕጣ ሥራ የደረሳቸው ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ትተው ሄዱ። ሥራውን ከባድና ለጤና የሚያሰጋ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ የሥራው እውነተኛ ጠባይ አስቀድሞ ያልተነገረው ሠራተኛ ቢቀጠርም አይቆይም፤ አሠሪውም ማስተማሩን እንደ ገና ከመጀመሪያ ይጀምራል።

ይህ ነገር ቆላ በሚወርዱት ላይ ሲሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። የደጋ ልጅ ወባን አልለመደም። በመተማና በሑመራ ቆላ ደግሞ ካላዛር የተባለ በሽታ በጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ትኩሳቱ አይለቅም፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ካልታከሙትም ይገድላል። በሌሊት ከቤት ውጭ፣ በተለይም በግራር ዛፍ ሥር መተኛት ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ በምርመራ ታውቋል። ስለዚህ ቆላ ለመውረድ የሚነጋገር ወጣት ደመወዙን ብቻ ሳይሆን መኝታው የት እንደ ሆነ፣ አጎበር መኖሩን፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህን የሚጠይቀውን ሠራተኛ አስቸጋሪ ነው ብሎ የሚያልፍ አሠሪ፣ አስተዋዩን አባሮ ግድ የለሹን የሚመርጥ ነው።

ሕጉ ስለሚያዘው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ለተነጋገርንበት ነገር የሚበጁ ድንጋጌዎች አሉት። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ሊሰጠው ይገባል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነውን መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም ጤናውን በሚጎዳ ሥራ ላይ አይሰማራም። ሴት በጾታዋ ምክንያት በቅጥርም በደመወዝም ልዩነት አይደረግባትም።

ከሁሉም ይልቅ እዚህ ላይ ልናስታውሰው የሚገባን፣ ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ወይም በፈለገ ጊዜ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው የሚያዘው ነው። ይህ ወረቀት ዘመድ ለሌለው ሰው ዋሱ ነው። አዋጁ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የሚቀጠሩትን ባይመለከትም፣ ምስክር መስጠትን የሚከለክል ሕግ የለምና ባለ ቤት የሆነ ሁሉ በፈቃዱ ሊያደርገው ይችላል።

ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሊያደርጉት ስለሚገባ

1ኛ፤ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ሥራውን፣ ቦታውን፣ የቀኑን ብዛትና ዋጋውን አስቀድሞ በቀበሌውና በገበያ ቀን ያስነግር። ወጣቱ ሳይጠራ መጥቶ ሳይቀጠር እንዳይመለስ፣ ስንት ሰው እንደሚፈለግ ጭምር ይነገር።

2ኛ፤ ከመልክ ይልቅ ሥራ ይታይ። ግማሽ ቀን እየተከፈለው በማጭድ የሚፈተን ሰው ችሎታውን ያሳያል፤ የግማሽ ቀን ዋጋም ከሚረግፈው ጤፍ ያነሰ ነው። ሳይከፍሉ መፈተን ግን ጉልበት መብላት ስለ ሆነ የተጠላ ነው።

3ኛ፤ ዋስ የሚጠየቀው ከብት፣ ልጅ ወይም ንብረት ለሚረከብ ሰው ብቻ ይሁን። ለአጨዳና ለእርም የሚመጣውን፣ ሁሉ በሚያየው መስክ ላይ የሚሠራውን ሰው ዋስ አምጣ ማለት ትርጉም የለውም። ዋስ ያጣውንም የቀድሞ አሠሪው የሰጠው ምስክር ይበቃው።

4ኛ፤ የደላላና የካቦ ዋጋ ከአሠሪው ይከፈል፤ የሚከፈለውም ሰዎቹ ሥራውን እስከ ፍጻሜው የሠሩ እንደ ሆነ ይሁን። ያን ጊዜ ካቦው ራሱ መራጭ ይሆናል።

5ኛ፤ ጥሩ የሠራ ሠራተኛ በአጨዳው መጨረሻ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ ለሚመጣውም ዓመት በስሙ ይጠራ። ለጥንቃቄው ጥቂት የዋጋ ጭማሪ የሚያገኝ ሰው ሁለተኛ ይመለሳል።

በመጨረሻ ለሹማምንት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሥራ ፈላጊን ለመመዝገብ የሚያስብ ሹም የአገሩን ታሪክ አይርሳ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ቢቸናና ሞጣ ባላገሩ ተነሥቶ ገማቾችን ከለከለ ከተባለባቸው አውራጃዎች መካከል ነበሩ። ባላገሩ መዝገብ የያዘ ሰው ሲመጣበት መሬቱን ሊለካ፣ ግብሩን ሊጨምር ነው ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ መዝገቡ በፈቃድ የሚገቡበት፣ ለሥራ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ በአደባባይ ይነገር፤ የተነገረውም ቃል ይጠበቅ። እምነት የጠፋበት መዝገብ ጎበዙን አያስመዘግብም።

የጎጃም ገበሬ በሬ ሲያቀናጅ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለሰውም ቢያደርገው፣ በኅዳር ወር በእርሻ ላይ የሚረግፈው ጤፍ ይቀንሳል፤ ማለዳ ቆሞ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ወጣት ቁጥሩ ያንሳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ኪሳራ ስለ ሆኑ፣ መድኃኒታቸውም አንድ ነው።